ምጣዱ የት ይሰካል?

አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የአውሮፓ ኅብረት ስላቋቋመው የማኅበራዊ የአየር ንብረት ፈንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2026 እስከ 2032 ቢያንስ 86.7 ቢሊዮን ዩሮ ለማንቀሳቀስ ታስቧል። በቤት ማሞቂያና በመኪና ነዳጅ ላይ የካርቦን ዋጋ፣ ማለትም ነዳጁ ለሚያወጣው በካይ ጋዝ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሲመጣ ድሃው እንዳይጎዳ ነው። እኔ የወደድኩት አንድ ነገር ነው። በቀጥታ ሰው ኪስ የሚገባው ድጎማ ከአንድ አገር ዕቅድ ወጪ ከ37.5 በመቶ አይበልጥም። የቀረው ቤት ለማደስ፣ ማሞቂያ ለመቀየር፣ ለትራንስፖርት ይውላል። ብሩ ተበልቶ ያልቃል፤ የታደሰ ቤት ግን ይቆያል።

እኔ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ተከራይ ነኝ። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ አለን፤ ቆጣሪው ግን አንድ። አምና እንደምንም አጠራቅሜ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። አከራያችን እትዬ ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ይሄን ከሰካሽማ ቆጣሪው ይቃጠላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል። ይኸው አልጋ ሥር ተኝቷል። እንጀራ እገዛለሁ፣ ለወጡ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ክረምት ላይ ከሰሉ እርጥብ ነው፤ ጭሱ አይጣል!

ስለዚህ «ምድጃና ምጣድ በድጎማ እናድል» የሚል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ይሰካል ብዬ ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እልል ብያለሁ። መብራቱ እኔ ጋ የሚደርሰው ግን በዚያችው በአንዷ ቆጣሪ ነው። አውሮፓም ቢሆን ቤቱን የሚያድሰው አከራዩ፣ የሚበርደው ተከራዩ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ ለተከራይ የራሱን ቆጣሪ ያስገቡለት። ምጣዱን እኔ ገዝቻለሁ።