የሰርግ ወሬ ብቻ አይደለም

ስለ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ስለ ጄን ኦስተን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ልቦለዶቿ ከትዳር ወሬ አያልፉም የሚለው ሐሳባችሁ ግን አልተዋጠልኝም። እዚህ ሀዋሳ ከጓደኞቼ ጋር መጻሕፍቷን እየተዋዋስን እናነባለን። ሁሌም የሚያከራክረን ሰርጉ ሳይሆን ገንዘቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1811 የወጣውን የ«ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ልቦለዷን ሁለተኛ ምዕራፍ ተመልከቱ። ጆን ዳሽውድ የእንጀራ እናቱንና በአባት የሚገናኙትን እህቶቹን እንደሚረዳ ለሟች አባቱ ቃል ገብቷል። ለሦስቱ እህቶች 3,000 ፓውንድ ሊሰጥ አስቧል። ሚስቱ ግን ትይዘዋለች። መጀመሪያ ግማሹ ይበቃል ተባለ። ቀጥሎ ለእናትየው ዓመታዊ ተቆራጭ ታሰበ፤ እሱም ቀረ። መጨረሻ ላይ የተረፈው ዕቃ ሲያጓጉዙ ማገዝና በየወቅቱ ዓሣና የአደን ሥጋ መላክ ነው! እዚህ ጋ ደራሲዋ አትሰብክም። ባልና ሚስቱን ታስወራቸዋለች፣ እነሱ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ስለ ውርስ ክርክር የሰማ ሰው ይህን ንግግር አሳምሮ ያውቀዋል።

ኦስተን ራሷም ይህን ኑሮ ታውቀዋለች። አባቷ በ1805 ሲሞቱ ከእናቷና ከእህቷ ከካሳንድራ ጋር የወንድሞቿን እጅ ጠባቂ ሆነች። በ1809 ወንድሟ ኤድዋርድ ቾተን መንደር ቤት ሲሰጣቸው ነው ተረጋግታ የጻፈችው። መጻሕፍቱ ሲወጡ ስሟ ሽፋኑ ላይ አልነበረም። በ1817 በ41 ዓመቷ አረፈች።

አዘጋጆቹ ስለ እሷ በድጋሚ ከጻፋችሁ፣ እባካችሁ የገንዘቡን ነገር አትዝለሉት።