ስም በእብነ በረድ ተመን

በአንድ የደሴ ትምህርት ቤት ያረጁ የመማሪያ ክፍሎችን ለማደስ የተቋቋመው ኮሚቴ ያሳለፈውን ውሳኔ ከተማው እያወራው ነው። ላልሰማ ላሳጥረው፤ ከፍተኛውን መጠን የሰጠ ሰው ስሙ በእብነ በረድ ተቀርጾ በክፍሉ በር አናት ላይ ይተከልለታል። መካከለኛውን የሰጠ በቆርቆሮ ሰሌዳ ይጻፍለታል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ «ሌሎች በጎ አድራጊዎች» በሚል አንድ መስመር ይጠቃለላል። ተመኑ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት በኮሚቴው ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። ቆሜ አነበብኩት። የእብነ በረዱ ረድፍ በደማቅ ቀለም ጎልቶ ወጥቷል፤ «ሌሎች» የሚለው ግን ከገጹ ግርጌ ወርዶ፣ በፊደል መጠን ሳይቀር አንሶ ነው የተጻፈው።

ጉዳዩ ውሳኔው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። ብዕር ያስነሳኝ በስብሰባው ላይ የተሰጠው መልስ ነው። አንድ ወጣት መምህር ተነሥቶ ቻክ ፊኒ የተባለ አሜሪካዊ ባለሱቅ 8 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ በአንድም ሕንጻ ላይ ስሙን እንዳላስጻፈ ተናገረና «እኛስ እንደዚህ ብንሞክር?» ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ስሙ ካልተጻፈለት የሚሰጥ ነጋዴ የለም። ያ ፈረንጅም ቢሆን ስሙን የደበቀው ከግብር ለመሸሽ ነው» አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ መምህሩም ተቀመጠ።

ከግብሩ ልጀምር፤ ሳቁን ያመጣው እሱ ነውና። (ከዚህ በታች የፊኒን ዓመታት የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ፊኒ በ1982 የበጎ አድራጎት ድርጅቱን ያቋቋመው በቤርሙዳ መሆኑ እውነት ነው። ቤርሙዳን የመረጠው ግን የአሜሪካ ሕግ ከሚጠይቀው ይፋዊ መዝገብ ርቆ በስውር ለመስጠት ነበር። በዚህ ምርጫው የተነሣም የአገሩ ባለጸጎች ለበጎ አድራጎት ሲሰጡ የሚያገኙትን የግብር ቅናሽ አጥቷል። ስሙን ለመደበቅ ሲል ገንዘብ ከሰረ ማለት ነው። የግብር ሽሽት እንዲህ ከሆነማ ሁላችንንም እንዲህ ያሽሸን! ከሁለት ዓመት በኋላ በ1984 በቀረጥ ነጻ ሱቆቹ ኩባንያ ውስጥ የነበረውን ድርሻ በሙሉ፣ ማለትም የኩባንያውን 38.75 በመቶ፣ የሥራ ሸሪኮቹ እንኳ ሳያውቁ ለበጎ አድራጎቱ አዛወረ። በ1988 ፎርብስ መጽሔት ከአሜሪካ ቱጃሮች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባው፣ ሀብቱ ከእጁ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ምስጢሩ የወጣው በ1997 ነው። ያኔም ሊታይ ፈልጎ አልነበረም፤ የሱቆቹ ድርሻ ለፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ ለኤልቪኤምኤች መሸጡ ከሸሪኩ ጋር ስላጋጨውና ነገሩ በፍርድ ቤት መዝገብ መውጣቱ ስለማይቀር ነው።

ሰብሳቢው «ነጋዴ» ሲሉ ፊኒን ከየትኛው ወገን እንደቆጠሩት አላውቅም። ሰውየው እስከ አጥንቱ ነጋዴ ነበር። በ1931 በኒው ጀርሲዋ ኤልዛቤት ከተማ ተወለደ፤ እናቱ ነርስ ነበሩ። ገና በልጅነቱ የገና ካርድ ይዞ ቤት ለቤት ይዞር ነበር፤ የእኛ ሱቅ በደረቴ ማለት ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል ሥራ ሲማር ለተማሪዎች ሳንድዊች እየሸጠ ይኖር ነበር። ከዚያ በሜዲትራኒያን ወደቦች ለአሜሪካ መርከበኞች ቀረጥ ነጻ መጠጥ መሸጥ ጀመረ፤ በ1960 ከሮበርት ሚለር ጋር በሆንግ ኮንግ ቀረጥ ነጻ ሱቅ ከፈተ፤ በሆኖሉሉ ደግሞ ገንዘቡን እንደ ጎርፍ የሚያወርደውን የጃፓን ቱሪስት አገኘ። የሸጠው ውስኪ፣ ሲጋራና ሽቶ ነው። ቅዱስ አላልኩም። ሒሳብ የሚያውቅ ቸርቻሪ ነው ያልኩት፤ የደሴ ፒያሳ ባለሱቅም ሆነ የኮምቦልቻ ጅምላ ነጋዴ አብሮት ቢቀመጥ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚግባባው ሰው። በእጁ ያደርግ የነበረው 15 ዶላር ገደማ የሚያወጣ የካሲዮ ሰዓት ነበር፤ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ነበር የሚዞረው። የራሱ መኪና አልነበረውም፤ በ2023 በሳን ፍራንሲስኮ ሲሞት ይኖር የነበረውም በኪራይ አፓርታማ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው የስምን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ ነው የተወው? አሳምሮ ያውቃል። ስሙን ያላስጻፈው በትሕትና ብቻ አልነበረም፤ ስሙ በር ላይ ከታየ ሌሎች ለጋሾች ወደኋላ ይላሉ ብሎ ስላሰበም ጭምር ነው። ኮሚቴያችን ያልገባው ይህ ነው፤ ደጋግሜ የምለውም ይህንኑ ነው። ስም ሲሸጥ ገንዘብ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ። በበሩ አናት ላይ የአንድ ቱጃር ስም የተተከለበት ክፍል ከዚያን ቀን ጀምሮ የቱጃሩ ክፍል ነው። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ሰፈሩ «ያሠራው ሰው ያድሰው» ይላል። ጎረቤቱ ነጋዴ በሌላ ሰው ስም ሥር ምስማር እንኳ አይመታም፤ የራሱን እብነ በረድ የሚተክልበት ሌላ በር ይፈልጋል። በር ሲያልቅስ? ትምህርት ቤቱ ስንት በር አለው? ከበሩ ቀጥሎ ጥቁር ሰሌዳውን፣ ከሰሌዳው ቀጥሎ ዴስኩን፣ ከዴስኩ ቀጥሎ የሽንት ቤቱን ግድግዳ ልንሸጥ ነው። በሰኞ ገበያ በጉልት ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጠው እናት ደግሞ ከመጀመሪያውም የለችበትም። የእሷ 50 ብር በገጹ ግርጌ ተጠቃሏል። እሷም ሞኝ አይደለችም፤ 50 ብሯን ለሰደቃ ታውለዋለች ወይም ከቤተ ክርስቲያኗ ሙዳየ ምጽዋት ትከተዋለች፤ እዚያ ተመን አልተለጠፈባትም። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ክፍል የሚማረው የእሷ ልጅ ነው፤ የባለ እብነ በረዱ ልጅ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን።

«የሚሰጥ ነጋዴ የለም» የሚለው ንግግር ከሁሉ በላይ የሚሰድበው ራሱን የደሴን ነጋዴ ነው። በእኛው 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ገብቶ ሆስፒታሏ ሳይቀር በተዘረፈበት በዚያ ኅዳር፣ ሱቁ የተሰበረበት ሰው ከጓዳው የቀረችውን ዱቄት ለጎረቤት ሲሰፍር ማን ስሙን መዘገበው? የማን ፎቶ ተነሣ? «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አይወቅ» የሚለውን ቃል እኮ ወሎ ከሁለት ወገን ነው የሰማው፤ ከወንጌልም ከሐዲስም። ደሴ ውስጥ ክርስቲያኑ ለመስጊድ፣ ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያን ሲያዋጣ ኖሯል፤ ለእብነ በረድ ብሎ ያደረገው አንድም አላውቅም። ሰብሳቢው የሚያውቁ ከሆነ ስሙን ይንገሩን፤ ስም ይወዱ የለ!

አውቃለሁ፣ «ወይዘሮ ስሂንስ?» የሚል ይመጣል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሂን ስም እዚሁ ደሴ ላለ ሌላ ትምህርት ቤት የተሰጠው መታሰቢያ ይሁን ተብሎ ነው፤ በበር አናት ላይ በተመን የተገዛ ስም አይደለም። ኮርኔልም ፊኒ በስተርጅናው ሳለ በግቢው ያለን አንድ መንገድ በስሙ ጠርቶታል። ከእሱ በፊት የነበረው የሲርስ የንግድ ኩባንያ መሪና ባለድርሻ ጁሊየስ ሮዘንዋልድም እንዲሁ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ሕጻናት ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ረድቷል፤ ነገር ግን የአካባቢው ሕዝብም በገንዘብ፣ በእንጨትና በጉልበት ድርሻውን እንዲያዋጣ ይጠይቅ ነበር። ጥጥ ለቃሚው ያዋጣት ሳንቲም ከግርጌ አልተጠቃለለችም፤ የስምምነቱ ምሰሶ ነበረች። ሕዝቡ በኋላ «የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት» ብሎ የጠራቸው በገዛ አንደበቱ ነው። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው እንዲህ ሰው ሲያነሣው ነው፤ ድንጋይማ መቃብር ላይም አለ።

ለኮሚቴው አንድ ነገር ልተውለት፤ ገንዘቡ በአስቸኳይ ያስፈልጋል፤ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ መመታት አለበት። ታዲያ ለጋሽ የሚሸሸው ስሙ ስላልተጻፈ ይመስላችኋል? እኔ እንደማየው ለጋሽ የሚሸሸው ገንዘቡ የት እንደገባ ስለማያውቅ ነው። ፊኒ ስሙን ይደብቅ እንጂ የሰጠውን ገንዘብ አይረሳም ነበር፤ ዕቅዱን ያያል፣ ሥራውን በአካል እየሄደ ይጎበኛል። እኛ ዘንድ ተገላቢጦሽ ሆነና የሰጪው ስም በእብነ በረድ ይቀረጻል፤ የሲሚንቶው ደረሰኝ ግን በሰብሳቢው መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጣል። እስካሁን የተሰበሰበው ስንት ነው? ቆርቆሮው ከማን በስንት ተገዛ? ለአናጺውስ ምን ያህል ተከፈለ? በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አውጥቼ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ መምህሩም ከጎኔ እንዲቀመጥ ነግሬዋለሁ። የቢሮው በር ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ከሆነ ተመኑ ይነሣና ደረሰኞቹ ይለጠፉበት።