አለቃ ከበላ በኋላ

የእህቴ ልጅ ፊልድ ሲወጣ ዘንዶውን አደራ ብሎኝ ሄደ። የሰው ዘመድ ቁልፍ ይሰጣል፣ አበባዬን ውሃ አጠጣልኝ ይላል። የእኔው አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን ዘንዶ በመስታወት ሳጥን አምጥቶ ሳሎኔ ውስጥ አስቀመጠው። ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ዓይነት ነው። ዘሩ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። ስሙ አለቃ ይባላል። ለምን አለቃ እንዳለው ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ የሚነቃው ሊበላ ሲል ብቻ ነው» አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁትም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሐሙስ ማታ በታዘዝኩት መሠረት አንዲት ነጭ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ይዤ አቀረብኩለት። ያዛት፣ ተጠመጠመባት፣ ከጭንቅላቷ ጀምሮ ዋጣት። እኔም የሰው ቤት እራት ላይ ያለጥሪ እንደተገኘ ሰው አፍሬ ቆምኩ።

ጭንቀቴ የጀመረው ከዋጠ በኋላ ነው። አሁን ይተኛል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ቀና አደረገ። አፉን እስከ ጥግ ከፈተው። መንጋጋውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያጣመመ አዛጋ። ከዚያ አንገቱ እንደ «ረ» ፊደል ታጠፈ። ከቆዳው ስር የሆነ ሞገድ ሄደና እብጠቷ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወረደች። ቆመ። ደግሞ ተጣጠፈ። የወንድሙን ጠባብ ሱሪ ለመልበስ የሚታገል ሰው ይመስላል።

ይኼኔ መብራት ሄደ።

ዘንዶ እንደ እኛ ከውስጥ የሚነድ ምድጃ የለውም። የበላውን ለመፍጨት 30 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ጥግ ይፈልጋል። ከበረደው ምግቡ ሆዱ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ ከባሰም ይተፋዋል። የቱሉ ዲምቱ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ልጁ ጋ ብደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች። የእኔ ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ከሰል ወዳላቸው ወደ ታችኛዋ እትዬ ወረድኩ። ስህተቴ ይሄ ነው።

«እትዬ፣ የፈላ ውሃ ይኖራል? አለቃ በልቶ አመመው መሰለኝ።»

«ውይ! አለቃህ ቤትህ ነው እንዴ ያለው?»

አስረዳሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የእጅ ባትሪ የያዙ አሥራ አንድ ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ነበሩ። አንዱ ፌጦ በሎሚ አለ። አንዷ ዳማከሴ አለች። የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ኮሶ ካልጠጣ አይሆንም አለ፤ እሱ ለራስ ምታትም ኮሶ ነው የሚያዘው። አንድ ልጅ ለስላሳ ይሰጠውና ያግሳ አለ። እትዬ ግን ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያዛጋል። ሲበላ ማን አየው?»

«እኔ።»

«ሳትሸፍነው?»

ልብ በሉ። የእኔን ዘንዶ፣ በእኔ አይጥ፣ እኔው በዓይኔ በልቼዋለሁ ማለት ነው። ወትሮም ያመኛል ይሄ ነገር። አንድ ሰው በልቶ ካዛጋ፣ ብዙ ስለበላ ነው አይባልም፤ ማን አየው ነው የሚባለው። በበኩሌ የምግብ ዓይን ኖሮኝ አያውቅም። ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ካልተባልኩ እጄን የማልሰነዝር ሰው ነኝ!

እትዬ ቀጠሉ። «ለነገሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሄን ነገር በጦር የወጋው ያለምክንያት ነው?»

«አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸውስ ዘንዶ አይደለም?» አልኳቸው።

«ያ የታዘዘ ነው።»

«ይሄም የታዘዘ ነው። በቴሌግራም።»

አልሳቁም። ውሃውን ግን ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። በአራት ሃይላንድ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሳጥኑ ጎን ደረደርኩ። ጋቢዬንም ከላይ አለበስኩት። እኔ ጃኬት ደርቤ ተቀመጥኩ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ኔትዎርክ መጣና ልጁ ተገኘ። ሳቀብኝ። ማዛጋቱ መንጋጋውን ወደ ቦታው እየመለሰ ነው አለ። የዘንዶ ታችኛው መንጋጋ እንደ እኛ አገጭ ላይ የተገጠመ አይደለም፤ ግራና ቀኙ በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ ነው። ከዋጠ በኋላ ያስተካክለዋል። መጣጠፉ ደግሞ አይጧን ወደ ሆዱ እየገፋት ነው። «ለሁለት ቀን አትንካው ጋሼ። ማንም አይንካው።» አሥራ አንድ ሰው እንዳየው አልነገርኩትም።

እዚህ ላይ የምወዳት ተረት ትዝ አለችኝና አመለጠችኝ። «ልቡን አይቶ እግር ነሳው» አልኩት። ከአያቴ የወረስኳት ናት። ለስንት ሰው ተጠቅሜባታለሁ፣ አንዴም አሳፍራኝ አታውቅም። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እግር አለው እኮ ጋሼ። ጅራቱ መነሻ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ጥፍር የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የድሮ የኋላ እግሩ ቅሪት ናቸው።» በባትሪ አየሁ። አሉ! ይሄ ትውልድ ተረት እንኳ አያስቀርልንም።

በዚህም አላበቃ። ስለ ልቡም ነገረኝ። ተመራማሪዎች በ2005 (በፈረንጆቹ ነው) ባሳተሙት ጥናት፣ የበርማ ዘንዶ በደንብ ከበላ በሁለት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ 40 በመቶ ይጨምራል። ምግቡ ሲፈጭለት ተመልሶ ይቀንሳል።

በበላ ቁጥር ልቡ ያብጣል! እንግዲህ ተረቷ ተበላሸች ስል ጭራሽ ዳነችልኝ። ምክንያቱም በማግስቱ ጠዋት የኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ «እባቡን ልየው» ብሎ መጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከየቤቱ 1,500 ብር አዋጥተናል። ለውሃ ፓምፕ። ፓምፑ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሂሳቡ «እየተጣራ» ነው። ሰውየው ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለና፣ «ምነው ሆዱ እንዲህ አበጠ?» አለኝ።

«ስለበላ» አልኩት።

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። እኔ ግን አየሁት። ማዛጋት የለም፣ መጣጠፍ የለም፣ መንጋጋው ቦታው ላይ ነው። የስንቱን አባወራ መዋጮ በአንዴ ውጦ አንድም እንግዳ እንቅስቃሴ ያላሳየ ፍጡር! ከቪትዟ በቀር ምንም ምልክት የለውም። እባቡን ልቡን አይቶ እግር ነሳው፤ የእኛን ሰውዬ ልቡን አይቶ አራት ጎማ ጨመረለት። የእሱ ሆድ ላይ ባትሪ ያበራ የለም። ማን እያየው በላ ያለም የለም። ሁላችንም እያየነው ነበርና!

ለአንዲት አይጥ አሥራ አንድ ሰው በጨለማ ደረጃ ወጣ። የፓምፑ ስብሰባ የተጠራ ቀን የተገኘነው ስድስት ነን፤ ሁለቱ ከእናታቸው ጋር የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ኮሶ አዛዡ ጎረቤቴም ነበረ። ያን ቀን ለማንም ምንም አላዘዘም። እኔም ብሆን ሻዬን ጠጥቼ፣ «ጥሩ ነው፣ ይጣራ» ብዬ ነው የወጣሁት።

ብቻ ስለ አለቃ ነበር የጀመርኩት። መብራት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አይጧን አልተፋትም። እትዬ ጠዋትና ማታ በሩን ቆርቆር እያደረጉ «እንዴት አደረ?» ይላሉ፤ እሳቸው ሲገቡ ሳጥኑን በጋቢ እንድሸፍነው አዘውኛል፣ እሸፍናለሁ። በአራተኛው ቀን እብጠቷ ጠፋች። ልጁ ነገ ይመጣል።

ውሃ ግን ዛሬም አልወጣም። ጀሪካኔን ይዤ ልወርድ ነው።