«የራስ ሴል ነው፣ አይጎዳም» ለሚለው አንድ እርማት

«ከራስ ስብ የወጣ ስቴም ሴል የራስ አካል ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ባይሠራ እንኳ ምንም አያመጣም» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ሲጻፍ አየሁ። ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው፤ አንዳንድ ክሊኒኮች ከታካሚው ስብ አውጥተው ለሕክምና መልሰው ይወጉታል። የሐሳቡ ግማሽ እውነት ነው። የራስን ሴል ሰውነት እንደ ባዕድ የማጥቃት ዕድሉ አነስተኛ ነው። «ጉዳት የለውም» የሚለው ግን ስህተት ነው።

ሴሉ የራስ ቢሆንም ቦታው ተቀይሯል። የተመጠጠው ስብ ብዙ ጊዜ ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ይፈታል፣ ከዚያ በማሽን ይሽከረከራል። ታች የሚዘቅጠው ንጹሕ ስቴም ሴል እንዳይመስላችሁ። የደም ሴል፣ የደም ሥር ግድግዳ ሴል፣ ሌላም ሌላም የተቀላቀለበት ነው።

በ2015 አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት አረጋውያን ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ድብልቅ ዓይናቸው ውስጥ ተወጉ። ያውም ሁለቱም ዓይን፣ በአንድ ቀን! ደም መፍሰስና የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) መላቀቅ ተከትሎ ሦስቱም እይታቸው ክፉኛ ተጎዳ። ዝርዝሩ በ2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለወጣ ገብቶ ማንበብ ይቻላል።

ማጣራት የሚፈልግ ሰው ክሊኒኩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ሕክምና ለዚህ በሽታ በየትኛው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጸድቋል? ከዚያ መልሱን ራሱ ተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ ያመሳክር። «ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ ተመዝግቧል» (የሕክምና ጥናቶች የሚመዘገቡበት የአሜሪካ ድረ ገጽ ነው) ቢሉት አይበቃም፤ ምዝገባ ፈቃድ አይደለም። የፍሎሪዳውም እዚያ ተመዝግቦ ነበር። ሴቶቹ ግን እንደ ጥናት ተሳታፊ ሳይሆን እንደ ደንበኛ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል።