ይድረስ በጥናት ጽሑፎች ድረ ገጽ ደጃፍ ላይ ለቆሙት፣ ለተከበሩ «በተቋምዎ በኩል ይግቡ»

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ዲሰርቴሽን (የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ) ካለማንበቤ በቀር ደህና ነኝ።

ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝ የትናንት ማታው መስተንግዶዎ ነው። ንቦች አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ስለሚናገሩበት መንገድ የተሠራ የዶክትሬት ጽሑፍ ስፈልግ ከርሜ አገኘሁ። አጠቃሎው ብቻ አፍ ያስከፍታል። እርስዎም ቸርነትዎ በዝቶ «የመጀመሪያዎቹን ገጾች በነጻ ይመልከቱ» አሉኝ። ተመለከትኩ። ጸሐፊዋ አማካሪዋን አመሰገነች። እናቷን አመሰገነች። ኮምፒዩተሯን የጠገነላትንም ልጅ አልረሳችም። ከዚያ ማውጫ። ከዚያ የሠንጠረዦች ዝርዝር። ከዚያ የምህጻረ ቃላት ዝርዝር። በስንት መከራ ምዕራፍ አንድ መጣና «የዚህ ጥናት ዋና ጥያቄ» ብሎ ሲጀምር፣ እርስዎ ድንቅር አሉ። «ቀሪውን ለማንበብ ተቋምዎን ይምረጡ።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድኩት። የትም ላልተመዘገበ ሰው የሚሆን መስመር የለም። ከግርጌ «ግለሰብ ተመራማሪ» የምትል ሚጢጢ ሊንክ አየሁና እሰይ አልኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ፎርሙ ስሜን ጠየቀ፤ ሰጠሁ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ጠየቀ። ለግለሰብ! ባዶ ትቼ ልለፍ ስል ቀይ ኮከብ። የራሴን ባስገባ «ትክክለኛ ኢሜይል ያስገቡ»። ለእርዳታ ክፍልዎ ተቋም እንደሌለኝ ጽፌ ብልክ፣ መልሱ ዓይኔን ሳላሽ ደረሰ፦ «እባክዎ የተቋምዎን የላይብረሪ ባለሙያ ያነጋግሩ።»

ጽሑፍን ለተወሰነ ጊዜ ስለሚቆልፈው ዘመድዎ ስለ ኢምባርጎ ብዙ አልልም። ጸሐፊው መጽሐፍ ሊያወጣበት ይሆናል፤ አንድ ሁለት ዓመት ይቆለፍ። ላይብረሪ በአካል ሂድ የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ላይብረሪዎች ከእርስዎ ጋር ያላቸው ውል ከውጭ የመጣ ሰው እዚያው ባለ ኮምፒዩተር እንዲያነብ ይፈቅዳል። በሩ ላይ የቆመው ሰው ግን የሚያነበው ውል ሳይሆን መታወቂያ ነው።

አሁን አንቱታውን ላቁመው። ጽሑፉ ያንተ አይደለም። አንዲት ሰው ዓመታት ደክማበታለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥናት የሕዝብ ገንዘብም አለበት። ዲሰርቴሽን «ለዕውቀት አዲስ ነገር መጨመር አለበት» እየተባለ ተማሪው ፍዳውን ያያል። ማን እንዲያውቀው ነው የጨመረው? ፈታኞቹ ብቻ? መደርደሪያ ጠበበ፣ ወረቀት ያረጃል የሚባለው ሰበብ ድሮ ቀረ፤ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ቨርጂኒያ ቴክ ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን በኤሌክትሮኒክ እንዲያስገቡ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አንዲት ንብ እንኳ ያገኘችውን ለቀፎው ስታሳይ የተማሪ መታወቂያ አትጠይቅም።

ይቅርታ፣ ወደ አንቱታው ልመለስ። ብቸኛው በር እርስዎ ብቻ የሆኑ አይምሰልዎት። ኦኤቲዲ የሚባል የክፍት ዲሰርቴሽኖች መፈለጊያ ድረ ገጽ አለ፣ የብዙ አገር ጽሑፍ በነጻ ይፈልግልኛል። ለህንድ ሾድጋንጋ አለ። እርስዎ ጋ የተቆለፈው እኮ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ይገኛል። የኔው ዕድል ሆኖ የንቦቹ እዚያም አልነበረም። ስለዚህ ለጸሐፊዋ በቀጥታ ጻፍኩላት። ዛሬ ጠዋት ሙሉውን ፒዲኤፍ ከነአባሪው ላከችልኝ። የየትኛው ተቋም ሰው ነህ ብላ አልጠየቀችኝም።

አክባሪዎ፣
ተቋም የለሹ አንባቢ

ተጨማሪ፦ «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» የሚለው መጠይቅዎ አሁን ደረሰኝ። በዚያው ትክክለኛ ባልሆነው ኢሜይሌ።