በአንድ ማኪያቶ እስከ መቼ?

ለንደን መሀል ሪጀንትስ የሚባል ቦይ አለ። ተቆፍሮ ያለቀው በፈረንጆቹ 1820 ነው። ያኔ ጭነት የያዙትን ጀልባዎች ዳር ዳሩን እየሄደ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ዛሬ ፈረሱም ጭነቱም የለም። ጀልባዎቹ ግን አሉ። ወርዳቸው ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው አልጋና ምድጃ አስገብቶ ይኖርባቸዋል። ከቦይ ቦይ ሲዞሩ የሚያርፉበት የእንግዳ ማሰሪያ አላቸው። አጠገቡ ታፔላ ተተክሏል። አንዳንዱ 24 ሰዓት ይላል፣ አንዳንዱ 48 ሰዓት፣ አንዳንዱ 7 ቀን ወይም 14 ቀን። ከዚያ ገመድህን ፈትተህ ውልቅ ነው።

በአዲስ አበባው ባንቲይቀጡ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚያስር ሰው እስካሁን አላየሁም። ታፔላው የሚያስፈልገን አራት ኪሎ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት የታዘዘ ማኪያቶ አረፋው ብርጭቆው ላይ ደርቆ፣ ዝንብ እንኳ ተስፋ ቆርጦበት፣ ምሳ ሰዓት ላይ “አታንሺው፣ አልጨረስኩም” ይባልለታል። ባለቤቱ ባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ጥርሱን ያፋጫል። “ተነሱልኝ” ማለት ግን ነውር ነው። ስለዚህ አስተናጋጇን ይልካል። መጥታ ንጹሑን ጠረጴዛ ትወለውላለች። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይሄ ነው። ቀጥላ “ሌላ ምን ልጨምር?” ትላለች። “ሰው እየጠበቅኩ ነው እቱ። ቀዝቃዛ ውሃ ካለ…” በመጨረሻ ሳትጠየቅ ሂሳቡን በትንሿ ሳህን ታመጣለች። ደንበኛው ደረሰኙን አጣጥፎ ጥርሱን ይጎረጉርበታል።

እንግሊዞቹ ይሄን ሁሉ ውልወላ አያውቁም። የቦዩ ተቆጣጣሪ ዳር ዳሩን እየሄደ የጀልባውን ቁጥር ይመዘግባል። አንዳንድ ቦታ ቀኑ ካለፈ በየቀኑ 25 ፓውንድ ያስከፍላሉ።

ግን እነሱም ሰው ናቸው። በፈረንጆቹ የ1995ቱ ሕጋቸው ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ፣ በቂ ምክንያት ከሌለው፣ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይቆይ ይላል። ስንት ማይል ይራቅ የሚለውን ግን አልጻፈም። እናም አንዳንዱ አንዲት ድልድይ ያልፍና እዚያው ጎረቤት ይታሰራል። “ተንቀሳቅሻለሁ” ብሎ ይከራከራል። ይሄን ሳነብ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። የኛም ሰው ፀሐይዋ ስትከር ከበረንዳ ወደ ውስጥ ይገባና እንደ አዲስ ደንበኛ ሜኑ ይጠይቃል። አያዝም እንጂ!

ቦታ ሲጠብ እዚያ አንዱ ጀልባ ከሌላው ጎን ይታሰራል። የውጪኛው ሰው መሬት ለመርገጥ የጎረቤቱን ጀልባ ረግጦ ያልፋል። እኛ “ይቅርታ፣ ወንበሩ ሰው አለው?” ብለን እንቀመጥና ስለማናውቀው ሰው የፍቺ ክስ ሙሉውን እንሰማለን፣ ያውም በስፒከር። እነሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተርና ጄኔሬተር እንዳይነሳ ከልክለዋል። ምነው ለስልክ ስፒከርም እንዲህ ያለ ደንብ በወጣ!

የቋሚ ማሰሪያ የለሾች አለቃ ግን ደላላው ነው። ቢሮ የለውም፤ ካፌው ቢሮው ነው። አንዱን አውቀዋለሁ፤ በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ መልሕቁን ነቅሎ አራት ኪሎ የመጣ። ማዕዘኗን ጠረጴዛ ይዟታል። እሱ ሲነሳ ቁልፉ ይቀመጥላታል፣ ቁልፉ ሲነሳ ጋዜጣው። አንድ ቀን ይሄን የለንደን ታሪክ ነገርኩት፤ ትንሽ ይነካው ይሆናል ብዬ። በጥሞና አዳመጠኝ። የቀዘቀዘች ማኪያቶውን ፉት አለና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ልጄ፣ ማሰሪያው በስንት ይከራያል? ባለቤቱንስ የሚያውቅ ሰው አለህ?”