ይዘጋ እንጂ አይቆለፍ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ በር ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ሰሞኑን ለጉዳይ ወደ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሄጄ ነበር። ሰባተኛ ፎቅ ላይ እያለሁ መብራት ጠፋ፣ ሊፍቱም ቆመ። ከኮሪደሩ መጨረሻ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አይቼ በዚያ ልውረድ ብዬ ሄድኩ። የበሩ እጀታ ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሟል። ሰንሰለቱ ላይ ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። «ቁልፉ የት ነው?» ስል «ታች፣ ጥበቃው ጋ» አሉኝ።

በዋናው ደረጃ ወረድኩ። አምስተኛው ፎቅ ላይ የፋይል ካርቶን ተደርድሮ ግማሹን መተላለፊያ ይዞታል። ሦስተኛው ላይ የተሰባበሩ ወንበሮች ተቆልለዋል። ከደረጃው ሥር ከሰል ተያይዞ ቡና ይፈላል። አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ የጄኔሬተር ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ተቀምጧል። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ያ በር ለምን ተቆለፈ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ላፕቶፕ በዚያ በኩል እየወጣ አስቸገረ። ቆልፍ አሉኝ፣ ቆለፍኩ» አሉኝ።

እሳቸውን አልወቅስም። የምወቅሰው «ቆልፍ» ያሏቸውን ነው። በዚያ በር አጠገብ በየቀኑ እያለፍን አንድም ቀን ለምን ያላልን እኛንም ጭምር ነው።

ሌባ ፈርቶ መውጫ መቆለፍ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው የነበረው ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ የላይኞቹ ሦስት ፎቆች ውስጥ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሠራተኞቹ ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ እሳቱ ተነሳ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከነበሩት ሁለት ደረጃዎች ወደ አንዱ የሚያስወጣው በር ተቆልፎ ነበር። ምክንያቱ ልክ የእኛው ነው፤ ሴቶቹ ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ በአንድ በር ብቻ ቦርሳቸው እየተፈተሸ ይወጡ ነበር። የውጪው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተገንጥሎ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቀረ። 146 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ እንጀራ ፍለጋ ከአውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ከመስኮት ዘለው ነው የሞቱት።

አሜሪካኖቹ ዛሬ የሚከተሉት የመውጫ ሕግ ከእንዲህ ያለ ሐዘን የተወለደ ነው። 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ ክፍል በሩ ወደ ውጪ፣ ሰው ወደሚሸሽበት አቅጣጫ መከፈት አለበት። ሰው በድንጋጤ ተገፋፍቶ በር ላይ ሲከመር ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትማ። አራት ፎቅና ከዚያ በላይ የሚያገናኝ የመውጫ ደረጃ ደግሞ ግድግዳው እሳትን ለ2 ሰዓት መቋቋም ይጠበቅበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የደረጃ በር መዘጋት አለበት። መቆለፍ ግን የለበትም። እኛ ተገላቢጦሽ ነው የምናደርገው፤ ወደ ውጪ የሚያስወጣውን እንቆልፋለን፣ የደረጃውን በር ነፋስ እንዲገባ ብለን በድንጋይ ከፍተን እናቆማለን። ክፍት ደረጃ ጭስ ማውጫ ማለት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተነሳ ጭስ ሽቅብ ወጥቶ ላይ ያለውን ሰው ያፍነዋል። ሰውየው እሳቱን ሳያየው ይሞታል። ስለዚህ ድንጋዩን አንሱት። በሩ በራሱ ይመለስ፣ ይዘጋ።

ሌባውስ? ለሌባ መላ አለው። ከውጪ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን በደረት ሲገፉት ብቻ የሚከፈት የብረት መግፊያ ያለው በር አለ። ሲከፈት የሚጮህ ደወልም ይገጠምለታል። ዋጋ አለው፣ አውቃለሁ። ሎቢውን በእምነበረድ ያለበሰ ባለሕንፃ ግን ይሄ አቃተኝ ቢለኝ አልሰማውም።

ሕግ የለንም እንዳትሉኝ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ስንት ዓመቱ? ሰንሰለት ደግሞ በየትኛውም ፕላን ላይ ተስሎ አያውቅም። የመጠቀሚያ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ፣ ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ የሚመጣ ነው። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም መንገዱ ጠቦ የእሳት አደጋ መኪና ተቸገረ ብለን ስንት ቀን አወራን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የየራሱን ቢሮ መውጫ ሄዶ የገፋው ማን ነው?

ነገ ጠዋት ወንበራችሁ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ግፉት። በደረጃው እስከ መንገድ ድረስ ውረዱ፤ ሁለት መውጫ ካለ በሁለቱም። የተቆለፈ ካገኛችሁ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ። ብቻችሁን ከፈራችሁ የፎቁ ሠራተኛ ሁሉ ይፈርምበት። የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ከበሩ አጠገብ ለጥፉት።

እኔ ጉዳዬ አላለቀም፣ ሐሙስ ወደዚያ ሕንፃ እመለሳለሁ። ደብዳቤዬን ጽፌያለሁ። ሰባተኛ ፎቅ ስደርስ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቢሮው ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ነው።